ባዶ እንስራ ይተኛል

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ኢስመትን በአገር ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለራሷ ለኢስመትም። አሁን ጋዜጠኞች ቤቴ ሲመጡ ፎቶዋን ከግድግዳ አውርደው እያገላበጡ፣ «ፈር ቀዳጅዋ የውዝዋዜ አቀናባሪ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ይሉኛል። ሁሉም የሚፈልጉት ስለ ሜዳሊያዎቿ እንዳወራላቸው ነው። ሜዳሊያዎቿን ከክርና ከመርፌ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምትከታቸው። እኔ ማውራት የምችለው ስለ እንስራ ነው፤ እሱን ስጀምርላቸው ደግሞ መቅረጫቸውን ያጠፋሉ። ያጥፉት! ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ በተጀመረ በዓመቱ። መንደራችን ከቄና ከተማ ማዶ፣ ዓባይ ዳር ናት። ግማሹ ሰው ሸንኮራ ይቆርጣል፣ ግማሹ ሸክላ ይሠራል። አባቴ ገሪብ ሸክላ ሠሪ ነበር፣ እንስራው በጀልባ ተጭኖ እስከ ካይሮ ይወርድ ነበር።

እናቴ ደግሞ ሸርባት ትባላለች። ይህን ስም በልጅነቴ ከሴቶች አፍ እንጂ ከወንድ አፍ ሰምቼው አላውቅም። በእኛ አገር ወንድ የሚስቱን ስም በወንዶች ፊት አይጠራም፤ ከጠራ ሚስቱን ራቁቷን አደባባይ እንዳወጣት ነው የሚቆጠረው። አባቴ ቤት ውስጥ «የሐምዲያ እናት» ይላታል፣ ሐምዲያ እኔ ነኝ። ሰው ሲኖር «ቤቴ» ነው የሚላት። «ቤቴ ታማለች»፣ «ቤቴ ዓባይ ወርዳለች»።

እናቴ ከተወለደች ጀምሮ ግራ ዳሌዋ ወጣ ያለ ነበር። ስትሄድ መጀመሪያ ያ ዳሌ ይቀድማል፣ ሌላው አካሏ ረጋ ብሎ ይከተለዋል። የመንደሩ ልጆች «ዳክዬ» ይሏታል። እኔን ደግሞ «የዳክዬዋ ልጅ»። ይህን ያለኝን ልጅ ሁሉ አፈር አስበልቼዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ግን አፍርባት ነበር። ወንዝ ስንወርድ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ እቀራለሁ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንድመስል።

እንግዲህ የእንስራውን ነገር ልብ በሉልኝ። የእኛ ሴቶች እንስራ የሚሸከሙት በጭንቅላት ነው፣ ከጨርቅ የተጠቀለለ ማቶት አስቀምጠው። ወደ ዓባይ ሲወርዱ ባዶውን እንስራ በጎኑ ያስተኙታል። ሲመለሱ ሙሉው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም፤ ከጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። ሴቲቱ ገና ከሩቅ ስትታይ፣ እየሄደች ይሁን እየተመለሰች በእንስራዋ ትታወቃለች። ባዶ እንስራ አቁማ ወደ ወንዝ የምትወርድ ሴት ብናይ ወይ አብዳለች ወይ ጠንቋይ ልኳታል እንል ነበር።

ኢስመት አንድ ማለዳ በመሻገሪያው ጀልባ መጣች። ሱሪ ለብሳለች። ፀጉሯ እንደ ምልምል ወታደር አጭር ነው። አንዱን ሻንጣ አህያ ላይ ጭና፣ ሌላውን ራሷ ተሸክማ፣ አባቴ ጭቃ ወደሚረግጥበት ግቢ ሰተት ብላ ገባች።

«ሰላም ላንተ ይሁን፣ ኡስታ ገሪብ» አለችው፤ የእጅ ባለሙያን እንዲህ ነው የምንጠራው። «ሃያ አራት እንስራ እፈልጋለሁ። ቀጭን ይሁንልኝ።»

«ቀጭን እንስራ ይሰበራል፣ እመቤቴ።»

«ወፍራሙንም ይሰብሩታል። አሥራ ሁለት የከተማ ልጆች ናቸው፤ ከደብተር በቀር የተሸከሙት ነገር የለም።»

አባቴ መርገጡን አቆመ። «ሊሰብሩት ነው እንዴ የሚገዙት?»

«ሊወዛወዙበት ነው።»

አያቴ ናዕሳ፣ የአባቴ እናት፣ በሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቀጥ አለ። «አዑዙ ቢላሂ!» አለች። ከዚያ ግን እንግዳ እንግዳ ነውና፣ ዞር ብላ እናቴን «ምን ትጎለቻለሽ? ሻይ አፍዪላት እንጂ!» ብላ ጮኸችባት።

ኢስመት እኛው ቤት አረፈች። ወንዝ ዳር ወሬው ደራ። አፏ ስለት የሆነው ጎረቤታችን ዙቤዳ፣ «ከጤና ጥበቃ ናት፤ ለቢልሃርዚያ መርፌ ልትቆጥረን ነው» አለች። «መርፌው ታዲያ የታለ?» ቢሏት፣ «ሻንጣው ምን የያዘ መሰላችሁ!» ሁለት ቀን ያህል ሴቶቹ እሷን ሲያዩ እንስራቸውን እንደያዙ እግሬ አውጪኝ አሉ።

አያቴ ደግሞ ሌላ ወሬ ነበራት። «አባቷ ትልቅ ሐኪም ነው አሉ» ስትል ሰማኋት። «በቁሟ ቀብሯታል። ድንኳን ተክሎ፣ ቁርኣን አስነብቦ፣ ለቅሶ ተቀምጦላታል።» በዚያ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኢስመት ከመቃብር የወጣች ሙት መሰለችኝ። ጠዋት ጥፍሮቿን ሰርቄ አየሁ፣ አፈር ሞልቷቸዋል! ከአባቴ ጋር ጭቃ ስታቦካ የገባ አፈር መሆኑ ጭራሽ አልታሰበኝም። ነገሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ልጅህ መድረክ ላይ ወጥታለች ሲሉት፣ አባቷ ደጃፉ ላይ የለቅሶ ድንኳን አስተክሎ የሰፈሩን ሰው «አላህ ያጽናህ» አስብሎ ነበር። እሷም በዚያ መንገድ አልፋ፣ ድንኳኑን አይታ፣ ቀጥ ብላ ወደ ልምምዷ ሄዳለች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

በሦስተኛው ማለዳ እናቴ ወንዝ ስትወርድ ኢስመት ተከተለቻት። እኔ እንደ ልማዴ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ እሷ ደግሞ ከእኔ ኋላ። ድንገት ልጆች ሲንጫጩ ዞር ብል ምን ላይ! ኢስመት ደብተሯን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ግራ ዳሌዋን አስቀድማ፣ እንደ እናቴ ትሄዳለች። ልክ እንደ እናቴ! ልጆቹ «ሁለት ዳክዬ! ሁለት ዳክዬ!» እያሉ ይከተሏታል። እሷም ትስቅላቸዋለች።

አንጀቴ ቅጥል አለ። ዳቦአችንን እየበላች፣ አልጋችን ላይ እየተኛች፣ በእናቴ ታሾፋለች! እናቴ ደግሞ ዘወር ብላ አይታት ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። እንግዳ ላለማስቀየም ብላ ዋጥ ያደረገችው መሰለኝ።

በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። ደብተሩን ትታ በእንስራ ጀመረች። አራት እንስራ ሰበረች። አምስተኛው ሲሰበር ውሃው ከአናቷ እስከ ጫማዋ አጠባት፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዙቤዳ ራሷ መጥታ ማቶቱን አስተካከለችላት። «ወላሂ፣ የካይሮ አንገት እንዴት ያለ ልፍስፍስ ነው!» እያለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ መርፌ አላነሳም። ማታ ማታ ኢስመት የመርገጫውን ግቢ ወዲያና ወዲህ ስትል እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «አይደለም፣ ትከሻሽን ተይው፤ እንስራው አንቺን ይሸከም፣ አንቺ እንስራውን አትሸከሚው» ትላታለች። እኔ ከጥግ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ኢስመት ለአባቴና ለአያቴ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ልጆቿ ከካይሮ ሊመጡ ነው። ከእነሱም ጋር አንድ ባለሥልጣን። ሰውዬው «ይህ ነገር የአገሬው ነው ወይስ የከተማ ቅብጠት? ባለአገሩ ራሱ ይፍረድ» ብሏል። መንደሩ «የእኛ ነው» ካለ የውዝዋዜ ቡድኗ ይቀጥላል። «አናውቀውም» ካለ ይበተናል።

«ልጆቼ ወደየቤታቸው ይላካሉ» አለች ኢስመት። «የግማሾቹ አባቶች በር አይከፍቱላቸውም። እኔ ሌላ የምሄድበት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው፤ የሐምዲያ እናት ከልጆቼ ፊት አንዴ ትሂድልኝ። ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ።»

አያቴ ከተቀመጠችበት ልትነሳ ምንም አልቀራት። «የልጄ ሚስት? ወንድ በተኮለኮለበት? ሰርከስ አመጣሽብን እንዴ!»

አባቴ ከጥፍሩ ጭቃ ሲፍቅ ቆየ። «ሲት ኢስመት» አለ፣ እመቤት ማለቱ ነው፣ «ጭቃ ጠይቂኝ፣ እሳት ጠይቂኝ። ይህን ግን አይሆንም ለማለትም አፌ አይታዘዝልኝ፣ ይሁን ለማለትም አፌ አይታዘዝልኝ።»

እናቴ ቆማ እጃችንን ታስታጥብ ነበር። ማንም እሷን የጠየቃት የለም። ማስታጠቢያው እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በልቤ «እሰይ!» አልኩ፤ በአገር ፊት መሳቂያ ከመሆን አያቴ አዳነቻት ብዬ። እናቴ የተንቀጠቀጠችው መሄድ አምሯት እንደሆነ እንዴት ይገባኛል?

በማግስቱ ኢስመት ምድጃው ጥላ ሥር በፀሐይ የቦካ ዳቦ በጥቁር የሸንኮራ ማር እየበላች አገኘችኝና ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ።

«ሐምዲያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደ ወንዝ ሲወርዱ እንስራው ይተኛል፣ አይደል?»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «አይተኛም!» አልኳት።

«እኔ ግን ተኝቶ ነው ያየሁት።»

«እሱ የአዘቦት ነው። በበዓልና እንግዳ ሲኖር ሲወርዱም ይቆማል። ያን ቀን ካስተኙት ነውር ነው።»

ብዙ ቆይታ አየችኝ። «ነውር?»

«ትልቅ ነውር!»

«ደግ ነገርሽኝ» አለችና ደብተሯን ከፍታ ጻፈች። እኔ ዳቦዬን ይዤ ሮጥኩ። ከምድጃው ጀርባ ሄጄ ብቻዬን ሳቅኩ። በይ እንግዲህ፣ ነገ አንቺን ሲስቁብሽ እናያለን!

ልጆቹ ደረሱ፣ ታላቅ እህቶቼ ሊሆኑ የሚችሉ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች። ሦስት ቀን በተዘጋ ግቢ ተለማመዱ። በዋዜማው ከተደረደሩት እንስራዎች ጀርባ ተደብቄ ሳለ እናቴና ኢስመት መጥተው ከወዲያ በኩል ቆሙ።

«ይስቃሉ?» አለች ኢስመት።

«ይስቃሉ እንጂ! የዙቤዳን አፍ እያወቅሽው» አለች እናቴ። ከዚያ የጎረቤት አህያ ማናፋት ጀመረና ብዙ ነገር አመለጠኝ። ሲያበቃ የሰማሁት የኢስመትን ድምፅ ነው፤ «... ያኔ እኔ አለቀልኝ፣ ሸርባት!» እናቴ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሳቅ ነበር። ደስ አለኝ። እናቴም እንደ እኔ ቂም ይዛባታለች ማለት ነው አልኩ። ሴትየዋ እንዳይስቁባት ትለማመናለች፣ እናቴ ትስቅባታለች!

በማግስቱ ከዓሱር ሶላት በኋላ መንደሩ ሁሉ አውድማው ላይ ወጣ። የጣውላ መድረክ ተሠርቷል። ወንዶቹ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ በጎን በኩልና ጣሪያ ላይ። የመንደሩ ሹም ሐጅ ዲያብ መሐል ወንበር ላይ፣ ባለሥልጣኑ ከጎኑ። እኔ በእናቴና በአያቴ መካከል ነኝ። ኢስመት ከመድረኩ ግርጌ ቆማለች። ያን ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ እንደኛ ሴቶች።

ከበሮው ተመታ። አሥራ ሁለቱ ልጆች እንስራቸውን ተሸክመው፣ ወደ ወንዝ እንደሚወርዱ ሆነው ወጡ። እንስራው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መጀመሪያ ሰው ዓይኑን ያላመነ መሰለ። ከዚያ ከጣሪያው ላይ የዙቤዳ ድምፅ መጣ።

«እናንተ ልጆች! ውሃ ለዓባይ ልትወስዱለት ነው እንዴ? ጠምቶታል አሏችሁ?»

አውድማው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን እየተመታቱ ይስቃሉ። ልጆቹ መድረኩ ላይ ቀልጠው ቀሩ፤ የፊተኛዋ ከንፈሯን ነክሳ ዕንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ባለሥልጣኑ የብዕሩን ክዳን ገጠመ። ኢስመትን አየኋት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አቆላልፋ፣ እንደ ግድግዳ ነጥታ ቆማለች። ወደ ልጆቹ አላየችም። ወደ እኛ ነው የምታየው። እኔን መሰለኝ! «አንቺ ነሽ» የምትለኝ መሰለኝ።

ስፈልገው የነበረው ይኸው መጣ። የልጅቷ ዕንባ ግን አላስችል አለኝ። «እማ» አልኩ፣ «እማ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ...»

እናቴ አልሰማችኝም። ተነስታለች።

አያቴ የሻሿን ጫፍ ያዘች። «ወዴት ነው?»

«ባዶ እንስራ ቆሟል፣ እማማ» አለች እናቴ። «ላስተኛው ነው።»

አያቴ አፏን ከፈተች። ምን ትበል? መንደሩ ሁሉ እኮ የሚጮኸው እንስራው ይተኛ ብሎ ነው። ሻሹን ለቀቀች።

እናቴ በወንዶቹ መሐል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች። ከምታለቅሰው ልጅ ላይ እንስራውን ወሰደች። በመዳፏ አንዴ ቸብ ቸብ አደረገችው። «ይህ የባሌ እንስራ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «ባዶ እንስራ ይተኛል። ሙሉ እንስራ ይቆማል። ተመልከቱኝ።»

አስተኛችው። ሄደች።

ከበሮ የለም፣ ምንም የለም። የእግሯ ድምፅ ብቻ ጣውላው ላይ። ግራ ዳሌዋ ቀደመ፣ ሌላው አካሏ ረግቶ ተከተለ። ከዚያ ከበሮ መቺው፣ ማንም ሳያዘው፣ እርምጃዋን አግኝቶ ተቀላቀላት። መድረኩ ጫፍ ደረሰች፣ በርከክ አለች፣ ከሌለው ወንዝ ቀዳች፣ እንስራውን አቁማ ተነሳች። ስትነሳ ክብደቱ አንገቷ ላይ ታየ። ፊት የተቀመጡት ወንዶች ውሃው እንዳይረጫቸው እግራቸውን ሰበሰቡ! በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሐጅ ዲያብ ሳይቀር የጀላቢያውን ጫፍ ሰበሰበ። አሥራ ሁለቱ ልጆች እንስራቸውን አስተኝተው ከኋላዋ ገቡ፣ አሥራ ሁለት ግራ ዳሌ፣ አሥራ ሁለት የረጋ ትከሻ። ዳክዬ ሲሏት የኖሩት ልጆች ትንፍሽ የሚል ጠፋ።

የመጀመሪያው እልልታ ከአጠገቤ ነው የመጣው። ዞር ብል አያቴ ናዕሳ ናት! «ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለችኝ። «ምራቴ እኮ ናት!»

እልልታው ከጣሪያ ጣሪያ ሄደ። ባለሥልጣኑ የብዕሩን ክዳን መልሶ ከፈተ። «ይህች ሴት ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ሐጅ ዲያብ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የሸክላ ሠሪው የገሪብ ቤት ናት» አለ።

አባቴ ከኋላ ተነሳ። ጭቃው ክርኑ ላይ ደርቋል። ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር አባቴ። «የሄደችው በየቀኑ በፊታችሁ የምትሄደውን ነው» አለ። «ሚስቴ ናት። ሸርባት ትባላለች። ጻፈው።»

እናቴ እንስራውን እንደተሸከመች ቀጥ ብላ ቆመች። ስሟን ከአፉ በሰው ፊት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ሰውዬው ጻፈ። ቡድኑ አልተበተነም። ያ አካሄድ ኋላ ላይ «ሸርባት» ተብሎ በትልልቅ ከተሞች ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ፣ አባቴ አንዱን አስመጥቶ ከእንስራ ምድጃው በላይ ሰቅሎት ነበር። በጭሱ ጠቆረ እንጂ አላወረደውም።

በነጋታው የመንደሩ ሴት ልጆች ግራ ዳሌያቸውን እያስቀደሙ ወንዝ ወረዱ። አላወቁበትም፣ አስቀያሚ ነበሩ። እኔ ከእናቴ ጎን ሄድኩ።

ግን ውሸቴን አልተናዘዝኩም። ኢስመት ስትሄድ ግንባሬን ስማ፣ «አሥራ ሰባት ሲሞላሽ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። አባቴ ራሱ ነው ባቡር ላይ ያሳፈረኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በቡድኑ ውስጥ ተወዛወዝኩ፣ ግማሹን የፊተኛዋ ሆኜ። ኢስመት ስታሠለጥን ክፉ ነበረች፣ ምንም ሳንሸከም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስንሄድ ከኋላ ሆና ትጮኻለች፤ «ባዶ ነው ሙሉ? አልታየኝም! ባዶ ነው ሙሉ?» ያን በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ታውቅብኛለች፣ አውቃ ነው የምትወጋኝ እል ነበር።

እናቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ ኢስመት ከመድረክ ከተገለለች በኋላ፣ ካይሮ ውስጥ ሹብራ ሰፈር ያለው ቤቷ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል። ከወንበሯ እምብዛም አትነሳም። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ግን እንደ ሕፃን ላብ አጠመቀኝ።

«ሲት ኢስመት፣ ያን ቀን እንስራውን ያቆመው የእኔ ውሸት ነው» አልኳት። ሁሉን ዘረገፍኩት።

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። «አሥራ ሁለት ማለዳ ተከትያችሁ ወንዝ ወርጄ፣ እንስራው መተኛቱን የማላውቅ ደንቆሮ መሰልኩሽ?» አለችኝ። «ሂጂ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ደብተር አለ። ቀኑን ፈልጊና አንብቢልኝ፣ እኔ አይታየኝም።»

አመጣሁ። የጭቃ አሻራ አለበት። አነበብኩ፤

«ዛሬ ሐምዲያ ዋሸችኝ። በእናቷ የማሾፍ መስሏት ነው፤ ደግ አደረገች። ባዶ እንስራ ይቆማል አለች። ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው በዚህ መንደር የለም። ሸርባት ለመሄድ ፈቃድ አታገኝም። ስህተት ለማረም ግን ፈቃድ የሚያስፈልጋት ማን ነው? ነገ እነግራታለሁ።»

ደብተሩ እጄ ላይ ቀረ። «እናቴ ታውቅ ነበር?»

«ስነግራት ደነገጠች፣ ልትቆጣሽ ተነሳች። ከዚያ ቁጭ አለች። 'ልጄ ያጣመመችውን እኔው አቀናዋለሁ፤ አንቺ ግን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች' አለችኝ። ያን ቀን አልነሳም ብትል እኔ ጠፍቼ ነበር። ልጆቼን ሁሉ በእሷ ተማምኜ ነው ያወጣኋቸው። ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም።»

ለካ ያን ቀን የምታየው እኔን አልነበረም። እናቴም ሞታለች፤ አንድም ቀን ነገሩን አላነሳችብኝም።

«ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ግለጪ» አለች ኢስመት።

«ዘጠነኛ ማለዳ። ግራ ዳሌ ይቀድማል፣ ትከሻ ይረጋል። ሁለቱም እንዲያው ናቸው። ትንሿ እናቷን ላለመምሰል አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ትቀራለች። ከኋላ ሆኖ ለሚያያቸው ግን አንድ ሴት ናቸው፣ ትልቅና ትንሽ። ከእናቷ ይልቅ ከልጅቷ ነው የተማርኩት፣ ቅርቤ ነበረችና። ገና አታውቅም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ያን አካሄድ የተማርኩት ከኢስመት መስሎኝ ነበር!

ፊቴን እንዳታይብኝ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ተነሳሁ። እሷ እንደሆነ አይታያትም፣ ግን የእግሬን ድምፅ ሰማች። መተላለፊያው መሐል ስደርስ ከኋላዬ ጮኸች።

«ባዶ ነው ሙሉ?»

ቆምኩ። ዕንባዬ አገጬ ደርሷል።

«ሙሉ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው እንዳይፈስ።»

ትከሻዬን አረጋሁና ወደ ወጥ ቤቱ እንደ እናቴ ሄድኩ።